ከሐሞት በኋላ

«አሁን ነው ጊዜው» አለች የተኳሿ ወንድም ሚስት ከቺፑዱ ግድግዳ ወዲያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እማማን ወደ ኋላኛው ክፍል እናዛውራቸው፤ የፊቱን ለሱቅ እናከራየው። ድሮ ቢሆን ጣሪያው ይነቀል ነበር። አሁን ግን የእትዬን ሐሞት አውጥተውላታል። በምኗ ትቆጣለች?»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«መድኃኒቱ ያስተኛታል። ደግሞስ ብትሰማ?»

ተኳሿ አልተኛችም ነበር። በቀኝ ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ በመዳፏ ደግፋ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ቁጣዋን ጠበቀች። ቁጣዋ የሚመጣበትን መንገድ ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ አብረው ነው ያረጁት። መጀመሪያ ከጎድን አጥንቷ ሥር ሞቅ ይላታል፤ ከዚያ በደረቷ ሽቅብ ይወጣና ጉሮሮዋ ላይ ጥቂት ይተናነቃታል፤ ምላሷ ላይ ሲደርስ ቃል ሆኖ ይወርዳል፤ የወረደበትም ሰው በቀላሉ አያገግምም። ዛሬ ግን ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጣም። ስፌቱ ብቻ በትንሹ ይቆጠቁጣታል። ምናልባት አርፍዶ ይሆናል ብላ ንግግሩን በልቧ ደገመችው፤ «በምኗ ትቆጣለች» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። ነገሩ እንደሚያስቆጣ ይገባታል። ሒሳብ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። መቆጣቱ ግን የለም። ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ነገር ግን ሠፈሩ ተኳሿ ሲላት ካውያዋን ሳይሆን አፏን ማለቱ እንደሆነ እሷም አይጠፋትም። ውሃ ሲቆረጥ ቢሮ ሄዳ የምትጮኸው እሷ ናት። የጎረቤት ጣሪያ ዝናቡን ወደ ግቢያቸው ሲለቅቅ አጥር ላይ ወጥታ ስድብ የምታወርደው እሷ ናት። ወንድሟ የሚሠራበት የመኪና መለዋወጫ መደብር ደሞዝ ባዘገየ ጊዜ እንኳ፣ እሱ ቤት ተደብቆ እሷ ነበረች ባለቤቱ ፊት ቆማ «ይኼ ሰውዬ ንፋስ ነው እንዴ የሚበላው?» ብላ የመጣችው። ቤተሰቡ ቁጣዋን እንደ ጋራ መጥረቢያ ነበር የሚጠቀምበት፤ ሲያስፈልግ ይወሰዳል፣ ሳያስፈልግ ደግሞ እግር እንዳይቆርጥ ይፈራል። «ሐሞተ መራራ ናት» ይሏታል፤ ሲያመሰግኗትም ሲያሟትም ቃሉ አንድ ነው። ታዲያ ሐኪሞቹ ጠጠር የሞላበት ሐሞቷ መውጣት እንዳለበት ሲነግሯት ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነበር። ከሳቁ በኋላ የመጣውን ዝምታ ግን ማንም አላብራራውም።

እናቷ በወዲያኛው አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ትስማ አትስማ አይታወቅም። እማዬ እንደዚህ ናት፤ ከተናገረች «ሻይ አለ?» ወይም «በሩን ዝጉት» ነው። ሁለቱ አልጋዎች፣ አንድ ቁምሳጥን፣ መንገዱን የሚያየው ሰፊ መስኮት፤ የፊቱ ክፍል ይኸው ነው። ከጎኑ ወንድሟ ከሚስቱና ከትንሿ ልጃቸው ጋር የሚኖርበት መሃለኛ ክፍል አለ፤ ከኋላ ደግሞ ያረጁ ዕቃዎች የሚታጎሩበት፣ ግቢውን የሚያይ ጠባብ ክፍል። ቤቱ የእማዬ ነው። ሦስቱ ክፍሎች በረድፍ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ጋ ያስነጠሰ ሰው ሌላኛው ጋ «ይማርህ» ይባላል።

ተነሥታ ወደ ማድቤቱ ሄደች። ዛሬ ስፌቷ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ሻይ ጠጥታ መሄድ አለባት። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዋ የለም። ፈለገችው። ሰማያዊ አበባ ያለበት ብርጭቆዋ ከማንኪያዋና ከሳህኗ ጋር መስኮቱ ሥር፣ ፌስታል ላይ፣ ለብቻው ተደፍቷል።

«ይኼ ለምን ተለየ?» አለች።

የወንድሟ ሚስት ከኋላዋ ገብታ ነበር። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እንዲሁ ነው እትዬ። እንዳይቀላቀል ብዬ ነው።»

«ከምን ጋር?»

«እንዲሁ…»

ትንሿ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጥታ ሁለት እጇን ወደ አክስቷ ዘረጋች። እናትየዋ ፈጠን ብላ ሳበቻትና አቀፈቻት፤ ሌላ ጊዜ «ያዢልኝ» ብላ የምትወረውርላት ልጅ ናት። ተኳሿ የተዘረጋ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ብርጭቆውን አነሣች፣ ሻይ ቀዳችበት፣ ቆማ ጠጣች። ልትጠይቅ ፈለገች፤ ጥያቄውም አፏ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ ሁልጊዜ ከጩኸት ጋር ይወጣ ስለነበር ለብቻው እንዴት እንደሚወጣ አላወቀችበትም። ከሆስፒታል የሰጧትን ወረቀት ከቁምሳጥኑ ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። እማዬ አሁንም ፊቷን እንዳዞረች ነበር።

ሚኒባሱ ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ጎኗን እየደገፈች ሄደች። አንድ ወፍራም ሰውዬ መቀመጫውን ለሁለት ሰው ያህል ይዞ ክርኑን ወደ እሷ አስገብቷል። ሌላ ቀን ቢሆን «ወንድሜ፣ ቤት ልትሠራ ነው?» ትለው ነበር። ዛሬ ተጠጋችለት። ሰውየውም ደንግጦ ሰበሰብ አለና «ይቅርታ እናቴ» አላት። ይኼም ግራ አጋባት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ክሩን ያወጣችላት ነርስ እጇ ቀላል ነበር፤ እያወራች ነው የጨረሰችው። ከዚያ ሐኪሙ ገባ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት እሱ ነው፤ ወጣት ነው፣ መነጽሩ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። ቁስሉን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየ።

«ደህና ድነዋል። ቅባት ይቀንሱ፤ ለጊዜው ከባድ ነገር እንዳያነሡ። ሌላ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ?»

ልትል አላሰበችም ነበር። «ዶክተር፣ አልቆጣ አለኝ» አለች።

«ምን አሉ?»

«ቁጣዬ አልመጣ አለኝ። ዛሬ ጠዋት የሚያስቆጣ ነገር ሰማሁ። ተኝቼ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ሐሞቴን ስላወጣችሁት ነው?»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ሐኪሙ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጀመረ እንግዲህ» አለች ነርሷ ለራሷ፣ የተጠቀመችባቸውን ዕቃዎች እየሰበሰበች። «ቃል ካገኘ በሽተኛ አያስታውስም።»

«ወረቀትዎን ይዘዋል? ይቺን ቃል አንብበዋታል?»

«ቤታችን ውስጥ እስከ መጨረሻዋ የደረሰ ሰው የለም።»

«ኮሌሲስቴክቶሚ» አለና በእስክሪብቶው ቃሏን ሁለት ቦታ ላይ ሰነጠቃት። ይቺን ረጅም ቃል እንግሊዞች ይጻፏት እንጂ የተሠራችው ከጥንት ግሪኮች ቃል እንደሆነ ነገራት። ኮሌ ማለት ሐሞት፣ ኪስቲስ ማለት ከረጢት፣ ኤክቶሜ ማለት ቆርጦ ማውጣት። «ስለዚህ እኛ ያወጣነው ከረጢቱን ነው። ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው፤ ጉበትዎ ደግሞ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ድሮ ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። አሁን ማጠራቀሚያ ስለሌለው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።»

ተኳሿ ወረቀቱን አተኩራ አየች። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በጣቷ ተከተለቻቸው። «ኮሌ… ኮሌራ?» ብርጭቆዋ መስኮቱ ሥር እንደተደፋ ታያት። «ዶክተር፣ ኮሌራ ነበር እንዴ ያመመኝ?»

«የለም፣ የለም። እህቷ ናት ይበሉት። ኮሌራም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ከኮሌ ነው፤ ድሮ የሆድ መታወክን ከሐሞት ጋር ያያይዙት ነበር። ኮሌስትሮልም ከዚያው ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው የሐሞት ጠጠር ውስጥ ነው። ሜላንኮሊ የሚሉት የሐዘን ዓይነት አለ፤ እሱም ጥቁር ሐሞት ማለት ነው። ቃላቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ በሽታዎቹ አይተዋወቁም። የእርስዎ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«ቁጣውስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። ይኼን ጥያቄ የፈለገውም የፈራውም ይመስል ነበር። «እነሱም ኮሌ ሲሉ አንዳንዴ ሐሞት፣ አንዳንዴ ቁጣ ማለታቸው ነበር። እኛ ሐሞተ መራራ፣ ሐሞቱ የፈሰሰ እንደምንለው።»

«እንግዲያው እውነት ነዋ!»

«ምኑ?»

«እነሱ ባሕር ማዶ፣ እኛ እዚህ፤ ተቀምጠን አልተማከርን። ሁለታችንም ቁጣ ከሐሞት ነው ካልን ውሸት ሊሆን ነው?»

«ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፈ ማለት…» ብሎ ጀመረ፤ ምሳሌውን ግን መጨረስ አቃተው። «ቁጣ ከጭንቅላት ነው የሚመጣው።»

«ጭንቅላቴን አልነካችሁትማ። ታዲያ የት ሄደ?»

«አላውቅም» አለ ሐኪሙ ሳይሸሽግ። «ደክሞዎት ይሆናል። ቀዶ ሕክምና ቀላል ነገር አይደለም። ምናልባት ይመለስ ይሆናል።» ከዚያ በሩ ተከፈተና ቀጣዩ በሽተኛ ገባ፤ ተኳሿ ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን ረስታ ስለወጣች ነርሷ እየሮጠች አመጣችላት።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ አሰበችው። ሐሞቷ አለ፤ ማስቀመጫው ነው የሌለው። ይኼን ማወቋ ሊያቀልላት ይገባ ነበር። ግን ሐሞቷ ካለ ያለመቆጣቷ ምክንያት ሌላ ነው ማለት ነው፤ ሌላው ምክንያት ምን እንደሆነ ደግሞ ሐኪሙም አያውቅም። ከረጢቱ ላይ ማሳበብ ይሻል ነበር።

የሕመም ፈቃዷን ለመስጠት በላውንደሪው በኩል አለፈች። ከሩቅ ነው እንፋሎቱ የተቀበላት፤ ያ የእርጥብ ጨርቅና የሳሙና ሽታ። የሆቴል አንሶላዎች እንደ ተራራ ተከምረዋል፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው መተኮሻው ላይ ተደፍተዋል፤ ላብ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። «ተኳሿ መጣች!» አለች አንዷ፤ ማሽኖቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። አጣፊዋ፣ ከሁሉም በላይ የምትቀርባት ጓደኛዋ፣ ክንዷን ይዛ ወደ አንሶላዎቹ ክምር ጀርባ ሳበቻት።

«እንኳን ማረሽ። ስሚ፣ የረፋዱን ዕረፍት ሊያስቀሩብን ነው። ከዚህ እሳት ፊት ለትንፋሽ እንኳ መውጣት የለም ተብለናል። አንቺ እስክትመጪ ብለን ነው ዝም ያልነው። ኃላፊው ደግሞ አንቺ ሳትኖሪ ሊያስፈርመን ይጣደፋል።»

የፈረቃ ኃላፊው በመስታወት በተከለለች ቢሮው ውስጥ ነበር። ገና ስትመጣ አይቷት ተነሥቶ ቆሟል፤ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካልኩሌተር ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ፤ ከዚህ በፊት ሊወረወርበት የደረሰ ዕቃ ነው።

«እንኳን ማረሽ። ተቀመጪ።»

ወረቀቷን ሰጠችው። «ስለ ዕረፍቱ…» አለች።

«እኔ አይደለሁም። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። የሥራው ብዛት ደግሞ ራስሽ እንደምታውቂው…» ብሎ ብዙ ተናገረ፤ ያዘጋጀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ጨርሶ ጠበቃት። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሴቶችም ጠበቁ።

«እሺ» አለች።

ቃሉ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ኃላፊው ሌላ ነገር ይከተል እንደሆነ አፏን አፏን አየ። አልተከተለም።

ስትወጣ አጣፊዋ ፊቷ ቆመች። «ምን አለሽ?»

«ከላይ ነው አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኩት።»

«እሺ?» አጣፊዋ ቃሉን እንደ ቆሸሸ ጨርቅ በሁለት ጣቷ የያዘችው ይመስል ነበር። ከኋላ አንዷ «በቃ፣ እውነትም አውጥተውላታል» አለች፤ ማሽኗንም መልሳ ጫነች። እንፋሎቱ ፉጨት አሰማ። ተኳሿ ከረጢቱ ብቻ እንደወጣ፣ ሐሞቱ ግን ጉበት ውስጥ እንደሚሠራ ልታስረዳ ሞከረች። «ከረጢት የሌለው ሰው ደግሞ ያለውን የት ያስቀምጣል?» አለች አጣፊዋ። ተቆጥታ አልነበረም፤ አዝና ነበር። ይኼኛው ከቁጣ የባሰ ነው። ተኳሿ በሰዎች ላይ ፊት አዙራ ታውቃለች እንጂ ሰዎች በእሷ ላይ ፊት ሲያዞሩ ምን እንደሚደረግ አታውቅም። ቀስ ብላ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች።

ቤት ስትደርስ የወንድሟ ሚስት መሃለኛው ክፍል ውስጥ ልብስ ታጣጥፋለች፤ ልጅቷ ተኝታለች። ተኳሿ በሩ ላይ ቆመች። በዚህ በር ላይ ስንት ጊዜ ቆማ ጮኻለች፤ ገብታ ተቀምጣ ግን አታውቅም። ዛሬ እግሯ ስለዛለ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሻንጣዎቹ እስከ ኮርኒሱ ተደራርበዋል፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ የልጅቷ ልብሶች እርጥባቸውን ተንጠልጥለዋል፤ አየሩ የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው። ልጅቷን በእንቅልፏ ሳል ያዛት።

«ኮሌራ አይደለም» አለች ተኳሿ።

ሚስትየው እጇ ላይ ያለውን ካልሲ እንደያዘች ቀረች።

«ቃሉ ኮሌ ነው። ሐሞት ማለት ነው። ኮሌራ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። አይተላለፍም።»

«እትዬ…» ሚስትየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወረቀቱን አየሁት። ረጅም ሆነብኝና ስልኬ ላይ ልፈልገው ብዬ ኮሌ ብዬ ስጀምር ስልኩ ራሱ ኮሌራ ብሎ ሞላልኝ። ለልጄ ፈራሁ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እትዬን ማን ይጠይቃል?»

እንዲህ ያለችው ልትሳደብ አልነበረም። ሰማይ ሰማያዊ ነው እንደማለት ነበር ያለችው፤ ለዚህ ነው ወደ ውስጥ የገባባት። ተኳሿ ካልሲ አነሣችና ጥንዱን ትፈልግለት ጀመር። «ጠዋት ያወራችሁትን ሰምቻለሁ» አለች ቆይታ። የሚስትየው ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው። ተኳሿ ግን የሚቀጥለውን አላገኘችውም። እማዬን ከመስኮቷ ማስነሣት ግፍ ነው። ይህቺ ልጅ እዚህ ማደጓስ? ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር የሚቻልበትን መንገድ ስላላወቀች ካልሲዎቹን አጠፈች። ተኳሽ ናትና ማጠፉንም ታውቅበታለች።

ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጫማውን ከወትሮው የበለጠ ጠረገ። ሁሉም በፊተኛው ክፍል ተሰበሰቡ፤ እማዬ አልጋዋ ላይ፣ ተኳሿ ትይዩዋ፣ ሚስትየው ልጇን አቅፋ በሩ ጋ። እሱ ለንግግር እንደተጋበዘ ሰው መሃል ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ስለዚህ ክፍል ላወራሽ ነበር» አለና እህቱን አየ።

እህቱ የአልጋ ልብሱን እጥፋት በመዳፏ አስተካከለች።

«ኑሮው እንደምታዩት ነው። ይኼ ክፍል መንገድ ላይ ነው፤ ለሱቅ የሚመኙት ብዙ ናቸው። ያንቺ ዕቃ ደግሞ ብዙም አይደል…» እንደገና እህቱን አየ። ጭነት መኪና አለፈ፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። «የኋላውን ቀለም እቀባልሻለሁ። አልጋሽን ራሴ አስገባልሻለሁ። ክፋት አይደለም፣ እ?» ይኼን ያለው ለእናቱ ሳይሆን ለእህቱ ነበር። ለዓመታት የሚያውቀውን ግድግዳ ገፍቶ ግድግዳው የሌለ ሲሆንበት፣ ወደ ፊት ሊደፋ የደረሰ ይመስል ነበር። ተኳሿ አፏን ከፈተች። የሚባለው ነገር በዝቶ መጣባት፤ የላውንደሪው ሴቶች፣ የልጅቷ ሳል፣ መስኮቱ፣ ካልሲው፤ ከየትኛው እንደምትጀምር ስታጣ መልሳ ዘጋችው።

«እሷን ምን ታያታለህ?» አለች እማዬ። «ቤቱ የኔ ነው። እኔን እየኝ።»

ወንድሟ ወደ እናቱ ዞረ።

«የኋላውን ክፍል እፈልገዋለሁ» አለች እማዬ። «አባታችሁ ካለፈ ጀምሮ ስፈልገው ነው የኖርኩት። እዚህ መኪናው ባለፈ ቁጥር አልጋው አብሮት ሊሄድ ይነሣል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፍቷል።»

የወንድሟ ፊት ፈካ። «እንግዲያው እማዬ…»

«አልጨረስኩም። ለሱቅ የሚከራይ ክፍል የለኝም። አንተ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ወደዚህ ትመጣለህ። ያቺ ሕፃን መስኮት ታግኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል እሰማታለሁ፣ ሳንባዋን ልትጨርሱት ነው። መሃለኛው ለእህትህ ነው። ሴትዮዋ እንዲህ አርጅታ አንድ ቀን በሯን ዘግታ ተኝታ አታውቅም።»

«መሃለኛው እኮ መስኮት የለውም» አለ ወንድሟ።

«በጓሮ በኩል ታስከፍትላታለህ። ግድግዳ ነው፣ ይበሳል።»

ሚስትየው ፊቷን በልጇ ፀጉር ውስጥ ቀበረች። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እማዬ» አለ፣ «ይኼን ሁሉ መቼ አሰብሽው?»

«ድሮ ነዋ! ልናገር ስል ይህቺ ትቀድመኛለች» አለች እማዬ በአገጯ ወደ ልጇ እየጠቆመች። «እሷ ጮኻ እስክትጨርስ ደግሞ እኔ የምለው ይጠፋኛል።»

ተኳሿ የሰማችውን ማመን አቃታት። ለዚህ መስኮት ስንት ጊዜ ተዋግታለች! ወንድሟ ባገባ ጊዜ «እማዬ ከዚህ መስኮት ከተነሣች ትሞታለች» ብላ ሠርገኛ ፊት ሳይቀር ጮኻለች። እማዬ ያን ጊዜም እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ ዝም ብላ መንገዱን ታይ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት የማን ነበር?

«ለምን አላልሽኝም?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«ምኑን?»

«መኪናው እንደሚረብሽሽ።»

«ብዬሽ ነበር» አለች እማዬ። «አንዴ ብዬሽ በማግስቱ መንገድ ላይ ወጥተሽ ከሹፌሮቹ ጋር ተጣላሽ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስትየው ናት፤ ልትውጠው ሞክራ በአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ወንድሟ። ከዚያ እማዬም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተኳሿም ሳቀች፤ ሲያማት ጎኗን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ እንባዋም ወረደ። እንባው የሳቅ ይሁን ሌላ አልለየችውም። አፍራለች፤ ደስ ብሏታል፤ ተቀይማለችም። ሦስቱም ትክክል ይመስላሉ። በዚህ መሃል አጣፊዋ ትዝ አለቻት። እዚህ ዝም ማለቷ እማዬን አናገረ፤ እዚያ ዝም ማለቷ ግን ማንንም አላናገረም፣ ሴቶቹን እሳት ፊት ጥሎ ነው የመጣው። ታዲያ ዝም ማለት ነው የሚሻለው መናገር? ሁለቱን አንድ ላይ ልታስኬዳቸው ሞከረች፤ አልሄዱላትም።

ወንድሟ ነገሩን ማሳደር አልፈለገም፤ ወይም ቢያድር እማዬ ሐሳቧን ትለውጣለች ብሎ ፈርቶ፣ ወይም አፍሮ፣ የኋላውን ክፍል ዕቃ ያን ጊዜውኑ ማውጣት ጀመረ። ሚስቱ አቧራውን ጠረገች። የእማዬን አልጋ ሁለት ሆነው አነሡት፤ በሩ ላይ ቢጠብባቸው አጋደሙት። ተኳሿ ከባድ እንዳታነሣ ስለተባለች ትራሱን ብቻ ታቅፋ ተከተለች። ለቀለሙ ሌላ ቀን አለ ተባለ። አንድ አምፖል አገኙ።

እማዬ ክፍሉ መሃል ቆማ ዙሪያውን አየች። ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። «ራስጌውን በበሩ በኩል አድርጉት» አለች።

ተኳሿ በሩን አየች፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። «በበሩ ሥር እኮ ብርድ…» አለችና ቆመች።

እማዬ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ምንም። እንዳልሽው ይሁን።»

እማዬ ወደ በሩ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ እጇን ከሥሩ አደረገች፤ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተች፤ ወንድሟና ሚስቱ አልጋውን እንዳንጠለጠሉ ናቸው፤ ማንም ግን «ቶሎ በይ» አላላትም። ተኳሿ ትራሱን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ እናቷ የምትለውን ጠበቀች። ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።